ያልተሰበረው ክንድ

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ብዕር ያነሣሁት አንድ ነገር ልነግርሽና አንድ ነገር ላዝዝሽ ነው። የምነግርሽ ይህ ነው፦ የላክሽልን ሣጥን በሰላም ደርሷል፤ በውስጡ የነበረው ዐፅምም በክብር ተቀብሯል፤ ነገር ግን የእናትሽ አይደለም። የማዝዝሽም ይህ ነው፦ እናትሽ ጠያቂ የላትም ተብላ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ከመጣሏ በፊት፣ ወደ መቃብሩ ስፍራ ተመልሰሽ እንድትፈልጊያት። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ነገሮች ዝርዝር ነው።

ይህን ቆመሽ አታንብቢው። ልጅሽን አስተኝተሽ፣ ወንበር ስበሽ ተቀመጪ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የልጅ ልጄስ እንዴት ናት? ባለፈው በስልክ «አያቴ፣ ደኅና ዋሉ» ስትለኝ በአንቱታ መናገሯን ልብ ብያለሁ፤ ማን እንዳስተማራትም ዐውቃለሁ፤ ደስ ብሎኛል። እኔ ከዕድሜ ጋር ከመጣው የጉልበት ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ጀምሯል፤ ጉና እስከ ረፋድ ድረስ ከጉም አይወጣም፤ ገበሬውም የገብስ ማሳውን እያለሰለሰ ነው።

በስልክ ያልነገርሁሽ፣ ስልኬ ሲጮኽ ቤቱ ሁሉ ስለሚሰማ ነው። ጆሮዬ ስለ ከበደ ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የማዳምጠው፤ አክስትሽ እቴነሽም ገና አቤት ሳልል «ማን ነው? እርሷ ናት? ስጡኝ እስቲ» ትላለች። ይህ ጉዳይ ደግሞ ከአንቺ፣ ከእኔና ከነፍስ አባታችን ከአባ ገብረ ማርያም ሌላ ሰው ለጊዜው ሊሰማው የማይገባ ነው።

እናትሽ አንቺ ስትወልጂ አጠገብሽ ልትሆን ወደ ግሪክ አገር ሄዳ፣ እዚያው ታማ ያረፈችው ኮሮና መንገዱን ሁሉ በዘጋበት ወራት ነበር። አስከሬኗ ሊመጣ አልቻለም። እኛም እዚህ መርዶውን ስንሰማ ሰው እንዳይሰበሰብ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ ጎረቤቱ ከአጥር ማዶ ቆሞ እጅ እየነሣን ተመለሰ። አገሩ ለእናትሽ አላለቀሰም። ስለዚህ፣ በዚያ አገር መቃብር ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከፍቶ ዐፅም ይወጣልና፣ ዐፅሟ ሊመጣ ነው የተባለ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ አምስት ዓመት በሆዱ የያዘውን ልቅሶ ይዞ ተነሣ።

አደራውን የሰጠሻት ጎረቤትሽ ወይዘሮ አበበች ሣጥኑን አቅፋ ከአውሮፕላን ስትወርድ፣ ከዕድራችን ዳኛ ከይሻው ጋር ባሕር ዳር ላይ ተቀበልናት። «አደራዎን ይረከቡኝ፤ ከአቴና እዚህ ድረስ ከጭኔ አላወረድኋትም» አለችኝ። ሣጥኑ የቆርቆሮ ነው፤ ርዝመቱ ከክንዴ እምብዛም አይበልጥም። መኪና ውስጥ ከጉልበቴ ላይ አኑሬው ስሄድ፣ ያቺ ከቁመቷ የተነሣ በሰው ቤት በር ስትገባ ጎንበስ የምትል ሴት እንደ ሕፃን ታቅፋ ወደ አገሯ መመለሷን እያሰብሁ፣ ሀሙሲትን ያለፍንበትን አላስተዋልሁም።

ወረታ መገንጠያው ላይ የይፋግ ዘመዶቿ መንገዱን ሞልተውት አገኘናቸው። እንዳንዘገይ ብዬ፣ «ሣጥኑ ከመኪናው ሳይወርድ ያልቅሱ» ብል፣ ይሻው ወደ ኋላ ዞሮ «ጋሼ፣ አንቱ ዕድሜዎን በትምህርት ቤት ደወል ሲገቡና በደወል ሲወጡ ኖረዋል፤ እዚህ ደወል የለም» አለኝና በሩን ከፈተው። ሣጥኑን አውርደው በነጭ ጋቢ ላይ አኖሩት። ልቅሶው ሲነሣ አንድ እህል የጫነ አይሱዙ ቆመ፤ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቆቡን አውልቆ ወረደ። ከአውቶቡስ የወረዱ መንገደኞችም ቆሙ። ከእነርሱ አንዲት ሴት «ማን ናት?» ብላ ጠየቀች። «ከሰው አገር የመጣች ናት» አሏት። ሌላ አልጠየቀችም፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከለቀስተኞቹ መካከል ገባች። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ቢነፋም ዘወር ብላ አላየችውም።

ዓለም በር ላይ ዝናብ ያዘን። እዚያ የምናውቀው ዘመድ ያለን አይመስለኝም፤ ሰው ግን በዝናቡ ውስጥ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይጠብቀን ነበር። ወሬው እንዴት ቀድሞን እንደ ደረሰ እስካሁን አላወቅሁም። በመስኮቱ ሳያቸው፣ ከራሳቸው ላይ ውሃ እየወረደ ዝቅ ብለው እጅ ሲነሡ፣ እኔም ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ጎንበስ ለማለት ሞከርሁ፤ የመኪናው ጣሪያ ራሴን መታኝ።

ቤት ስንደርስ ግቢው ከአጥሩ አልፎ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሰው ነበር። እቴነሽ ሣጥኑን ባየች ጊዜ ልቅሶዋን አቋርጣ፣ «እኅቴ ስትተኛ እግሯ ከአልጋው የሚተርፍ ሴት፣ በዚህች ገባች ትሉኛላችሁ?» አለች። ያን ጊዜ የሐዘን ንግግር ብዬ አለፍሁት።

አባ ገብረ ማርያም ዐፅሙ ከነቆርቆሮው አይቀበርም፤ ተገንዞ መሆን አለበት ስላሉ፣ እርሳቸው፣ እቴነሽና እኔ ሣጥኑን ይዘን ወደ ጓዳ ገባን። አቡጀዲውን በመደቡ ላይ ዘርግተን ከፈትነው። እዚያ ባለው ልማድ በወይን ታጥቦ ኖሮ የዐጥንቱ ቀለም እንደ ቆየ ብራና ነው። አባ እየጸለዩ፣ እኔ እያነሣሁ፣ እቴነሽ እየተቀበለች በየቦታው ታኖረው ጀመር።

እናትሽ የግራ ክንዷ ተሰብሮ እንደ ነበር ታውቂያለሽ። አንቺን ጡት ባስጣለች ዓመት፣ ከእብናት ገበያ ስትመለስ በቅሎ ጥላት ነው። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ ጠገነላት፤ ገጠመ እንጂ አልቀናም። ከዚያ ወዲያ የግራ መዳፏን ወደ ላይ መገልበጥ አልሆነላትም፤ አንቺን ስታቅፍሽም በዚያ ክንዷ ደግፋ በቀኟ ነበር የምትይዝሽ። ከአንጓዋ ከፍ ብሎ እንደ ቋጠሮ ያበጠ ስፍራ ነበረው። ያን ቋጠሮ ዐይኔን ጨፍኜ በእጄ ዐውቀዋለሁ።

የግራውን ክንድ ዐጥንቶች አነሣሁ። ቀጥ ያሉ ናቸው። ተለዋውጠው ይሆናል ብዬ የቀኙን አነሣሁ። እነርሱም ቀጥ ያሉ ናቸው። አራቱንም ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስጄ በጣቴ ዳሰስኋቸው፤ ስብራት የሚባል ነገር ነክቷቸው አያውቅም። የጭኑንም ዐጥንት ከራሴ ጭን ጋር አስተያየሁት፤ የአጭር ሴት ነው። የጉልበቱ መጋጠሚያ ግን በሁለቱም በኩል እንደ አሮጌ ደረጃ ተበልቷል። እቴነሽ ተቀብላኝ ጥቂት ከያዘችው በኋላ፣ «ይህች ብዙ የተንበረከከች ሴት ናት» አለች። በስግደት ይሁን የሰው ቤት ወለል ስትወለውል፣ ዐጥንት አይናገርም።

ወደ አባ ጆሮ ጠጋ ብዬ፣ «ይህች የሺሃረግ አይደለችም» አልኋቸው።

ጸሎታቸውን ፈጸሙ። ከዚያ «ርግጠኛ ነዎት?» አሉኝ። ነገርኋቸው። ክንዱን እርሳቸውም ዳሰሱት።

ልጄ፣ እኔን ታውቂኛለሽ። አርባ ዓመት ስሕተት ባየሁበት ላይ ቀይ ቀለም ሳላሰምር አላለፍሁም። «ወጥቼ ለሕዝቡ እነግራለሁ፤ ሰው በሐሰት አያልቅስ» ብዬ ወደ በሩ ተራመድሁ። አባም አልከለከሉኝም። «መልካም፤ ይነግራሉ» አሉ። «ሕዝቡም ይበተናል። ይህችን ግን የት እናድርጋት? ወደ ቆርቆሮዋ መልሰን ከሞፈሩና ከቀንበሩ ጋር ዕቃ ቤት እናስቀምጣት?»

ከበሩ ተመለስሁ።

«መምህር፣ በዚህ አገር ‹የመሸበት እንግዳ፣ አሳድሩኝ› ብሎ ደጅ የቆመን ሰው፣ ማን ነህ የምንለው እግሩን ካጠብን በኋላ ነው» አሉኝ። «ይህችማ ከመሸባት ሰንብቷል።»

እኔም መምህርነቴ አልለቀቀኝምና፣ «ፍትሐት ይገባታል ወይ? የማን ልጅ እንደ ሆነች፣ ምን እንደምታምን አናውቅም» አልሁ። «መስቀል በተተከለበት ስፍራ ከተቀበረች የተጠመቀች ናት እላለሁ። ከዚያ ያለፈውን የሚመረምር እኔ አይደለሁም። የየሺሃረግን የክርስትና ስም ግን አልጠራባትም፤ የሰው ስም በሰው ላይ አይጠራም። ‹ይህች አገልጋይህ› እላለሁ፤ እርሱ ያውቃታል» አሉኝ።

ይህን ሁሉ የተነጋገርነው በሹክሹክታ ነው። እቴነሽ ቀና ብላ አላየችንም፤ አቡጀዲውን በነጭ ክር ትሰፋ ነበር።

ስንወጣ ዕድርተኞቹ ሙሉ ሰው የሚሸከሙበትን ቃሬዛ አቅርበው ቆመዋል። በእቅፌ ልውሰዳት ብል ይሻው፣ «ሰው ናት እንጂ ዕቃ አይደለችም ጋሼ» ብሎ ተቀበለኝና፣ ያቺን ትንሽ ጥቅል በቃሬዛው መካከል አኑሮ ጋቢ አለበሳት። አራት ጎልማሶች በትከሻቸው አነሷት። ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ባለው ዳገት ላይ በየምዕራፉ እያሳረፉ፣ ካህናቱ እየጸለዩ፣ በየመካከሉ ትከሻ እየተቀያየሩ ወሰዷት። ጎረቤታችን አያሌው «ተካኝ» ሲል ይሻው፣ «ገና አሁን ተቀበልህ፤ ደከመህ?» አለው። አያሌውም «በሕይወት ሳለች ‹እንጨት ፍለጥ፣ አጥር እጠር› እያለች አድክማኛለች፤ ዛሬ እንዴት ብላ ትቀልለኛለች?» አለ። የሳቁም ነበሩ። እኔ ግን ትከሻውን አየሁት፤ በእውነት ጎብጦ ነበር። ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ከአንድ ቁና ገብስ የማይከብድ ጥቅል ተሸክመው አራት ብርቱ ሰዎች እየተንገዳገዱ ዳገት ሲወጡ አየሁ፤ ያስመስሉም አልነበረም። ይህን እንዴት ብዬ እንደምገልጽልሽ አላውቅም፤ ነገር ሁሉ ቃል እንዳለው ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል።

ወጣቶቹ የእናትሽን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትመው ከፊት ይዘው ነበር። ከሥሩ በተጻፈው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የፊደል ስሕተት አለ። አየሁት፤ አልተናገርሁም።

ከቅጥሩ በር ስንደርስ እቴነሽ ሙሾ ልታወርድ ወጣች። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት፤ በዚህ አገር እንደ እርሷ የሚያወርድ የለምና። እንዲህ አለች፦

«በማን አገር ወድቀሽ፣ በማን አገር ተነሣሽ፣
የማታውቂው ወገን ወጥቶ ተቀበለሽ፤
እናትሽ ብትሰማ ማን እንዳለቀሰሽ፣
ባሕሩን ተሻግራ በመጣች ልታይሽ።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ «የማታውቂው ወገን ማለቷ ምንድን ነው? ሁላችንንም ታውቀን የለም?» ስትል ሰማሁ። ሌላይቱም፣ «እናቷስ ከሞተች ስንት ዘመኗ። ሐዘን ነው፤ ተያት» አለቻት። እቴነሽ ሙሾዋን እስክትፈጽም ድረስ የእኅቷን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራችም። ያን ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት፤ እርሷም አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

መቃብሩን በሙሉ ሰው ልክ ቆፍረውት ነበር፤ እንዲያውም ለረዥም ሴት። ጥቅሏን ወደ ምሥራቅ አዙረው ሲያወርዷት ከጉድጓዱ ሥር ተለይታ ለማየት እስክትቸግር ድረስ አነሰች። የይፋግ ሽማግሌዎች፣ የወረታ ሰዎች፣ ከዓለም በር በዝናብ የተከተሉን፣ ተማሪዎቼ የነበሩ ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች፣ ሁሉም አንድ አንድ እፍኝ ዐፈር ሊጨምሩ ተራ ጠበቁ። እነርሱ ያለቀሱት ለእናትሽ ነው። ዕንባው የወረደው ግን ማንም በማያውቃት፣ ምናልባት በሞተችበት ዕለት አንድ ሰው እንኳ ባልቆመላት ሴት ላይ ነው። ስሕተት ነው ልል አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን በዕድሜዬ ከዚያ የቀና ነገር አይቼ አላውቅም። ቆቤን አውልቄ ቆምሁ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እሄዳለሁ። እቴነሽ ቀድማኝ ደርሳ ጧፍ አብርታ አገኛታለሁ። ከመቃብሩ ጎን ለእኔ ብዬ ያስከበርሁት ስፍራ አለ፤ እርሱን ለእናትሽ ትቼዋለሁ። ለእኔ ሌላ አይጠፋም።

አሁን ወደ ትእዛዜ ልመለስ። ሣጥኑን ሳትከፍቺ በመላክሽ አልወቅስሽም፤ አንቺም ራስሽን እንዳትወቅሺ አጥብቄ እከለክልሻለሁ። ሳትደርሺ ቀድመው አውጥተውና አጥበው ከብዙ ሣጥኖች ጋር እንደ ደረደሩት ነግረሽኛል፤ ስሕተቱ የተፈጠረው እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው። የእናቱን ዐጥንት ከፍቶ እንዲመረምር ያሳደግሁት ልጅ የለኝም። አሁን ግን ትመረምሪያለሽ። ወይዘሮ አበበች እንደ ነገረችኝ፣ ጠያቂ ያልመጣለት ሣጥን እስከ ሐምሌ መጨረሻ ብቻ ይቆያል። ስለዚህ ወደ አቴና ስትመለስ ይህን ደብዳቤ ከእጇ በተቀበልሽ ማግሥት ሂጂ። በዚያው ሳምንት የወጡትን ሁሉ እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ፤ እምቢ ቢሉሽ ቆመሽ ጠብቂ። ሌላውን አትዪ፤ የግራውን ክንድ ብቻ ፈልጊ፤ ቋጠሮውን ስትነኪው እጅሽ ያውቀዋል፤ ተደግፈሽበት አድገሻልና።

ሌላም አሳብ አለኝ። እናትሽን ከመደርደሪያው ላይ ካጣሻት፣ እዚህ የቀበርናት የዚያች ሴት ልጅ እንደ አንቺ ሣጥኑን ሳትከፍት ወስዳት ይሆናል። ያኔ እናትሽ በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ቋንቋ እየተለቀሰላት በሙሉ ሰው መቃብር ተኝታ ይሆናል። ይህን ሳስብ እፈራለሁ፤ ቆይቼ ደግሞ እንቅልፍ የሚወስደኝ ይህንኑ እያሰብሁ ነው። ሰዎቹን ካገኘሻቸው በቁጣ አትናገሪያቸው። የእነርሱ በእኛ ዘንድ በክብር እንዳረፈች ንገሪያቸው፤ ሊወስዷት ከፈለጉም ቃሬዛውንና ተሸካሚውን እኔ አዘጋጃለሁ። ለሕዝቡ እውነቱን የምነግረው መልስሽ በደረሰኝ ዕለት ነው፤ አባም ከጎኔ እንደሚቆሙ ቃል ሰጥተውኛል።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ። ልጅሽን ለወግ ለማዕርግ ያብቃልሽ፤ በሰው አገር የሰው ፊት አያሳይሽ፤ እኔንም ዐይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

መልስሽን በጽሑፍ እንጂ በድምፅ አልቀበልም። እስከ ሰኔ ፳፩ ቀን፣ እስከ እመቤታችን በዓል ድረስ፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፣ አራት ነጥቡን ሳትረሺ ጽፈሽ፣ ፎቶግራፍ አንሥተሽ በስልኬ ላኪልኝ፤ ማጉያ መነጽር አለኝ። እናትሽን ማግኘትሽን ወይም አለማግኘትሽን ጻፊ፤ ከዚያም የዚያችን ሴት ስም ከመቃብሩ መዝገብ ጠይቀሽ፣ በእነርሱ አነጋገር እንዴት እንደሚጠራ አጣርተሽ ጻፊልኝ። በዚያ ዕለት አባ ገብረ ማርያም በጸሎት ሁለት ስም ሊጠሩ ተዘጋጅተዋል። አንዱን ሰጥቻቸዋለሁ፤ ሁለተኛውን ከአንቺ እጅ እጠብቃለሁ።

አባትሽ